ከግራም ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ ግራም፦ ስቶይኪዮሜትሪ ለጀማሪዎች

ስቶይኪዮሜትሪ በኬሚካል ሪአክሽን ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ፣ ምን ያህል እንደሚወጣና ምን እንደሚተርፍ የሚያሰላ የኬሚስትሪ ክፍል ነው። ብዙ ጀማሪ ተማሪ ይፈራዋል። ሒሳቡ ግን ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ግራ የሚያጋባው ሌላ ነገር ነው፦ ሪአክሽን የሚካሄደው በቁጥር ነው፣ ሚዛን የሚነግረን ደግሞ ክብደት ነው። ይህን የለየ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ስያሜውን የሰጠው ጀርመናዊው ኬሚስት ጄረሚያስ ቤንጃሚን ሪሽተር ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1792 ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ላቮይዚየር በሪአክሽን ውስጥ ቁስ እንደማይጠፋና ከምንም እንደማይፈጠር በሚዛን አሳይቶ ነበር። ስሌቱ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የገባው አቶም በሙሉ በሌላ መልክ ይወጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ኢኩዌሽኑን ባላንስ ማድረግ፣ ማለትም በግራና በቀኝ ያሉትን አቶሞች ቁጥር እኩል ማድረግ ነው። አሞኒያን እንውሰድ። 1 የናይትሮጅን ሞለኪውል ከ3 የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች ጋር ሲዋሃድ 2 የአሞኒያ ሞለኪውሎች ይገኛሉ፦ N₂ + 3H₂ → 2NH₃። ቆጥረን እንይ። በግራ በኩል 2 የናይትሮጅንና 6 የሃይድሮጅን አቶሞች አሉ፤ በቀኝም እንደዚያው። እዚህ ጋ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ባላንስ ሲደረግ የሚቀየረው ከፊት የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ከሥር ያለችው ትንሿ ቁጥር አትነካም፤ እሷ ከተነካች ንጥረ ነገሩ ራሱ ይቀየራል። ውሃ ላይ አንድ የኦክስጅን አቶም ብንጨምር የምናገኘው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው፤ ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ቁስል ሲነካ አረፋ የሚያወጣው።

ቁጥሩ ታወቀ። ግን ሞለኪውል አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው የለም። ለዚህ ነው ሞል የመጣው። አንድ ሞል ማለት 6.022 × 10²³ ቅንጣቶች ማለት ነው። ክብደቱን ለማወቅ የአቶሞች ክብደት የተጻፈበትን ሰንጠረዥ፣ ፔሪዮዲክ ቴብሉን፣ ማየት ይበቃል። የናይትሮጅን አቶም 14 ስለሆነ፣ ሁለት አቶም ያለው አንድ ሞል የናይትሮጅን ጋዝ 28 ግራም ነው። የሃይድሮጅን ጋዝ 2 ግራም፣ አሞኒያ ደግሞ 17 ግራም ይመዝናል። ከግራም ወደ ሞል ለመሄድ በአንድ ሞል ክብደት እናካፍላለን፤ ለመመለስ እናባዛለን። ከግራም ወደ ግራም በቀጥታ መዝለል ግን አይቻልም። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው በአብዛኛው ይህ ዝላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። 56 ግራም ናይትሮጅንና 9 ግራም ሃይድሮጅን አለን እንበል። ስንት ግራም አሞኒያ ይወጣል? ናይትሮጅኑ 56 ለ28 ሲካፈል 2 ሞል ነው። ሃይድሮጅኑ 9 ለ2 ሲካፈል 4.5 ሞል ነው። ላየው ሰው ሃይድሮጅኑ የበዛ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደ ባጃጅ ነው፤ አንዱ ባጃጅ ሦስት ጎማ ይፈልጋል። 2 ሞል ናይትሮጅን በሙሉ እንዲሠራ 6 ሞል ሃይድሮጅን ያስፈልገው ነበር፤ ያለን 4.5 ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጅን ነው። ሊሚቲንግ ሪአክታንት የሚባለው እሱ ነው፤ የምርቱን ልክ የሚወስነውም እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። 3 ሞል ሃይድሮጅን 2 ሞል አሞኒያ ከሰጠ፣ 4.5 ሞል 3 ሞል አሞኒያ ይሰጣል። በግራም ሲመለስ 51 ይሆናል። የሠራው ናይትሮጅን 1.5 ሞል፣ ማለትም 42 ግራም ነው፤ 14 ግራም ሳይነካ ይተርፋል። መልሱን ማረጋገጥ የፈለገ ይደምረው፦ የገባው 56 ሲደመር 9፣ 65 ነው። የወጣው 51 ሲደመር 14፣ ያው 65። ይህቺን ድምር የለመደ ተማሪ ስህተቱን ብዙ ጊዜ ራሱ ይይዛል።

ጋዝ በጋዝ ከሆነ አቋራጭ አለ። የሙቀት መጠኑና ግፊቱ እኩል እስከሆነ ድረስ 1 ሊትር ናይትሮጅን 3 ሊትር ሃይድሮጅን ይፈልጋል፤ ወደ ሞል መቀየር አያስፈልግም።

51 ግራም ግን የወረቀት መልስ ነው። በተግባር የሚገኘው ያንሳል። የተገኘውን ለተሰላው አካፍሎ በ100 ማባዛት የምርቱን ፐርሰንት ይሰጣል፤ 40.8 ግራም ብቻ ከተገኘ 80 በመቶ ነው። አሞኒያ በዚህ በኩል አስቸጋሪ ነው፤ ሪአክሽኑ ወደ ኋላም ስለሚመለስ ሁሉም ጋዝ አይቀየርም። ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ ያቋቋሙት፣ እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን ኦፓው በፋብሪካ ደረጃ የተጀመረው ዘዴ ያልተዋሃደውን ጋዝ እየመለሰ ደጋግሞ ያስገባል።

ከዚያ አሞኒያ ዩሪያ ይሠራል፤ ገበሬዎቻችን በየክረምቱ የሚጠብቁት ማዳበሪያ። የዩሪያ አንድ ሞል 60 ግራም ሲሆን ከዚያ ውስጥ 28ቱ ናይትሮጅን ነው። ጆንያው ላይ 46 በመቶ ናይትሮጅን ተብሎ የሚጻፈው ከዚህ የመጣ ነው። 2 ሞል አሞኒያና 1 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1 ሞል ዩሪያና 1 ሞል ውሃ ይሰጣሉ። በዚህ ስሌት ለአንድ ኩንታል ንጹህ ዩሪያ 57 ኪሎ ገደማ አሞኒያና 73 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ 30 ኪሎ ውሃም አብሮ ይወጣል።