የጤና ተጽዕኖ ግምገማና የነርሲንግ አመራር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጤና ተጽዕኖ ግምገማ አንድ ፖሊሲ ወይም ፕሮጀክት ከመጽደቁ በፊት በሕዝብ ጤና ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ ጥቅሙና ጉዳቱም በእነማን ላይ እንደሚያርፍ የሚመረመርበት አሠራር ነው።

«የሚመለከተው የጤናውን ዘርፍ ብቻ ነው»

ይህ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ጤናን የሚለውጡ ብዙ ውሳኔዎች የሚተላለፉት በውኃ፣ በመንገድና በቤት ጉዳይ ነውና። በትግራይ ለመስኖ የተሠሩት አነስተኛ ግድቦች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ቴድሮስ አድኃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከግድቦቹ በ3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ባሉ መንደሮች ከሚኖሩ 1,000 ልጆች መካከል በወር 14 ያህል የወባ ሕመም ሲመዘገብ፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር በሚርቁት መንደሮች ግን 1.9 ብቻ ነበር። ዝናብ ለሚያጥረው ገበሬ ግድብ እህል ስለሆነ፣ ከዚህ የሚወጣው ምክር «አትገንቡ» ሳይሆን ውኃው ከመጠራቀሙ በፊት የወባ መከላከሉ ሥራ በበጀት ይያዝ የሚል ነው።

«ልማትን ያጓትታል»

በሳን ፍራንሲስኮ ትሪኒቲ ፕላዛ የተባለውን የመኖሪያ ሕንፃ አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ዕቅድ ሲቀርብ፣ የከተማዋ የጤና መሥሪያ ቤት መፈናቀል የሚያስከትለውን የጤና ጉዳት አስረዳ፤ የነዋሪዎቹም ሙግት ተጨምሮበት አልሚው ኪራያቸው የተገደበ 360 ቤቶችን በአዲሱ ሕንፃ ለመተካት ተስማማ። ግንባታው አልቀረም።

«የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ካለ ይበቃል»

የኢትዮጵያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ለተጽዕኖ በሰጠው ትርጉም ውስጥ የሰውን ጤና አካቷል። ሆኖም ጤና በሰነዱ መጠቀሱ ማን እንደሚታመም ከመመርመር ጋር አንድ አይደለም።

«የነርስ ድርሻ የታመመውን ማከም ነው»

ግምገማው በማጣራት፣ ማለትም ግምገማ ያስፈልግ እንደሆነ በመወሰን፣ ይጀምራል፤ ከዚያ ወሰን መለየት፣ ትንተና፣ ምክረ ሐሳብና ክትትል ይከተላሉ። የነርሲንግ ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት፣ ያውም ከተጠሩ፣ በመጨረሻው ላይ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ዋናው ቦታቸው ወሰን መለየቱ ላይ ነው፤ ምን ይጠየቅ፣ የማን ጤና ይታይ የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነውና። በጤና ጣቢያ የተመላላሽ ሕክምና መዝገብ የምትሞላ ነርስ፣ ትኩሳት ይዟቸው የሚመጡት ልጆች ከአንድ ቀበሌ መብዛታቸውን ከማንም አስቀድማ ልታይ ትችላለች። ኃላፊዋ ይህን ለወረዳው አስተዳደር በጽሑፍ ካላቀረበች ግን መረጃው መዝገቡ ላይ ይቀራል፤ በመዝገቡ የቀበሌው ዓምድ ባዶ ከተተወም ከግድብ ወይም ከሌላ ግንባታ በፊትና በኋላ የነበረውን ማነጻጸር አይቻልም።