«ድንገተኛ ጉዞ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ የቀረበ ተናጋሪ ለገና ልጆችን ወደ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ በድንገት ስለ መውሰድ ሲመክር አዳመጥሁ። የድንገተኛ ጉዞ ውበቱ እቅድ የሌለው መሆኑ ነው አለ፤ ትኬት መቁረጥ፣ ሌሊት ልጆቹን መቀስቀስ፣ ከዚያ መብረር። አቅራቢዋም ተስማማች። ሬዲዮኑን ዘጋሁት። ይህንኑ አባባል ባሕር ዳር በሚገኘው የጉዞ ቢሮዬ፣ ከጠረጴዛዬ ማዶ ከሚቀመጡ አባቶች አፍ ስሰማው ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ይመጣል፤ በየዓመቱም ጣጣውን ተከትሎ የሚያለቅስ ልጅ አይጠፋም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። «ድንገተኛ» በአማርኛ ሁለት ነገር ተሸክሟል። ድንገተኛ አደጋ፣ ድንገተኛ ሕመም፣ ድንገተኛ ጎርፍ ስንል ማንም ያልተዘጋጀበትን ማለታችን ነው። ድንገተኛ ስጦታ ስንል ግን አንዱ ወገን ተዘጋጅቶ ጨርሷል፤ ያልጠበቀው ሌላው ነው። ድንገተኛነቱ ያለው በተቀባዩ ዘንድ እንጂ በሰጪው ዘንድ አይደለም። ለልጁ የአንድ ደቂቃ ደስታ የሆነው ለወላጁ የሦስት ወር ሥራ ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ያልተዘጋጁበት ጉዞ ስሙ ስጦታ ቢሆንም ጠባዩ የአደጋ ነው። የሬዲዮው ሰው የመጀመሪያውን ትርጉም ይዞ ስለ ሁለተኛው መከረ፤ የሰሙት ወላጆች ደግሞ ገንዘባቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ጣና ዳር ያደገ ሰው የደንገል ታንኳን ያውቃል። ምስጢር ማለት ለእኔ እርሱ ነው። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ውሃ ላይ ሲያርፍ ቀላል ነው፤ ሰውም እንጨትም ይሸከማል። ነገር ግን ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል። ባለ ታንኳው ይህን ስለሚያውቅ ሥራውን ሲጨርስ ከውሃው አውጥቶ ዳርቻው ላይ ፀሐይ እንዲመታው ያቆመዋል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። በቤት ውስጥ የተደበቀ ነገርም በየቀኑ ውሃ ይጠጣል። ዛሬ ስልክ ላይ ተከፍቶ የቀረ መልእክት፣ ነገ ከታላቅ እኅት አፍ ያመለጠ ቃል፣ ከነገ ወዲያ አጎት በሻይ መካከል የሚያነሣው ጥያቄ። ስለዚህ ደንበኞቼን ዝግጅቱን በመስከረም ጀምሩ፣ ምስጢሩን ግን አታብዙ እላቸዋለሁ። የሚደበቀው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ እርሱም ወዴት እንደሚኬድ። ጉዞ መኖሩን፣ ቀኑን፣ የሚያዘውን ልብስ መናገር ምንም አያጎድልም። ታንኳ ጭነቱ ሲያንስ ሩቅ ይሄዳል። ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው ደግሞ ማዕበል ሲነሣ የሚያግዘው የለውም፤ ከቤቱ ዐዋቂዎች ቢያንስ ሁለቱ ምስጢሩን እኩል ይወቁት።

ታንኳን ካነሣሁ አይቀር፣ በበዓሉ ሰሞን ልጆችን ሐይቁ ላይ የሚያንሸራሽር ወላጅ በሞተር ጀልባ፣ ጠዋት፣ ተንሳፋፊ ጃኬት አልብሶ ይውሰዳቸው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል። ታንኳ ለለመደው ሰው ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ «ባለቤቴንም አስደንቃታለሁ» የሚለው አባት ነው። ትልልቆቹ ፓርኮች ወዳሉባቸው ዱባይ ወይም አቡ ዳቢ ለመግባት ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል፤ ፓስፖርቷንና ፎቶግራፏን ከየት ሊያመጣ ነው? ከሥራ ፈቃድ የምትጠይቀውስ ማን ናት? በገና ዋዜማ የጠላው ጋን ተከድኖ፣ ዶሮው ተገዝቶ፣ ሽንኩርቱ ተልጦ ባለበት ቤት ድንገት «ተነሡ እንሂድ» ማለት የሴትዮዋን የሳምንት ድካም መሬት ላይ መድፋት ነው። የልጆች ደስታ እናታቸውን በማስደንገጥ አይገዛም። ባልና ሚስት አብረው ይሰናዱ፤ የሚደነቁት ልጆቹ ይሁኑ።

አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። የገና ዕለት ማለዳ ቢሮዬን ስከፍት አንዲት እናት በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከዘጌ በጀልባ ነው የመጡት። በግራቸው በጨርቅ የታሰረ ቡና፣ በቀኝ ጌሾ፣ ከእግራቸው ሥር እግሯ የታሰረ ዶሮ። እንደየዓመቱ ገናን ከልጃቸው ቤት ሊውሉ መጥተው በሩ ተቆልፎ አገኙት። ስልኩም አይሠራም፤ ልጃቸው በዚያ ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ ነበር። ጎረቤት ነው «ትኬት ከዚያ ቢሮ ነው የቆረጡት» ብሎ ወደ እኔ የመራቸው። እውነቱን ስነግራቸው አልተቆጡም። «ልጆቹን ደስ ካላቸው ይሁን» ብለው ዶሮዋን አነሡ። ትኬቱን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ገና ዕለት ቤቱ የሚመጣ ሰው እንዳለ ግን አልጠየቅሁም ነበር። እርሳቸው ላይ የደረሰው ያው የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ነው።

ወደ ቀኑ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። የውጭ ፓርኮችና ሆቴሎች «የገና» የሚሉት ዲሴምበር 25ን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲሆን ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ጳጉሜን በስድስት ካለቀች በኋላ ስለሚመጣ በታኅሣሥ 28 ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። በታኅሣሥ 16 የሚሄድ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ጾመ ነቢያት ላይ ነው። የፓርክ ምግብ ቤት ውስጥ ቅቤና ወተት ያልነካው ምግብ መፈለግ ቀላል አይደለም፤ ይህን ሳታውቅ የተወሰደች እናት ሦስት ቀን ድንች ጥብስ ስትበላ ትከርማለች። በእኛ ገና የሚሄድ ደግሞ ትልቁን የገና ትርዒትና መብራት ላያገኘው ይችላል፤ ብዙዎቹ ፓርኮች በዚያ ጊዜ ወይ ጨርሰዋል ወይ እያጠናቀቁ ነው። በምትኩ ከዲሴምበር 25 እስከ አዲስ ዓመታቸው የሚበረታው ግፊያ ጋብ ይላል። እኔ ብመርጥ ገናን ከዘመድ ጋር ቤቴ አሳልፌ በማግስቱ እሄዳለሁ። የአገር ውስጥ በረራ ግን ቀደም ብሎ ይያዝ፤ በዚያ ሰሞን ላሊበላን የሚሳለመው፣ ቀጥሎም ለጥምቀት ጎንደር የሚወርደው ሕዝብ ወንበሩን ይሞላዋል።

በትኬት ላይ ያለው ሰዓትም ሌላ ወጥመድ ነው። 04:00 ተብሎ የተጻፈው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል፤ የሚሳሳተው ዕለቱን ነው። በእኛ አቆጣጠር የሌሊቱ ሰዓት ከመሸበት ቀን ጋር ይቆጠራል። ትኬቱ ላይ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀኑ ተለውጧል። ጃንዋሪ 8 00:30 የሚል ትኬት የያዘ ቤተሰብ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ያለበት በ7ኛው ቀን ማታ ነው። በ8ኛው ማታ ሻንጣቸውን እየጎተቱ የደረሱ ሰዎች አይቻለሁ።

የስም ነገርም አለ። እኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ እናት የራሷን አባት ስም ትይዛለች። ስለዚህ እናትና ልጅ በፓስፖርት ላይ የጋራ ስም የላቸውም። ድንበር ላይ ያለ የውጭ ዜጋ ይህን ልማድ ላያውቀው ይችላል። የልደት የምስክር ወረቀት ተተርጉሞ ይያዝ፤ አንደኛው ወላጅ ብቻውን የሚሄድ ከሆነ የሌላኛው ስምምነት በጽሑፍ ይኑር። ትኬት ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል በፊደል ይመሳከር። ይህ ሁሉ ሌሊት ልጅ ቀስቅሶ የሚሠራ ሥራ ነው?

«ቴም ፓርክ» ስለሚባለው፣ በታሪክ ዙሪያ ስለሚሠራው የመዝናኛ ፓርክ ጥቂት ልበል። ዥዋዥዌና ተሽከርካሪ ፈረስ ያለበት ግቢ ሁሉ ቴም ፓርክ አይደለም። የኮፐንሃገኑ ቲቮሊ ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝብ ሲያዝናና ኖሯል፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው ዲዝኒላንድ ግን ግቢውን በታሪክ ከፋፍሎ ሕንፃውን፣ ሙዚቃውን፣ የሠራተኛውን ልብስ ሳይቀር ለታሪኩ አስገዛ። ታሪኩን የማያውቅ ልጅ እዚያ ገብቶ የሚያየው ወረፋ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ወላጅ ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የፓርኩን ገጸ ባሕርያት ፊልሞች ለልጆቹ ያሳያል፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ልጆቹ ሳያውቁት ይሰናዳሉ። አዲስ አበባ የሚገኘውን፣ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን አንድነት ፓርክ የመረጠም መልካም መርጧል፤ ቤተ መንግሥቱም አንበሶቹም ለልጅ ትልቅ ነገር ናቸው። ነገር ግን ሮለር ኮስተር፣ ያ በሐዲድ ላይ የሚምዘገዘገው መጫወቻ፣ አለ ብሎ ለልጅ አይንገር፤ ግቢው የተሠራው ለዚያ አይደለም።

ስለ ቁመት ግን ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። አቡ ዳቢ ባለው ፌራሪ ወርልድ ውስጥ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ሮለር ኮስተር አለ። እንዲህ ያሉ መጫወቻዎች ሁሉ ከተወሰነ ቁመት በታች የሆነን ልጅ አያስገቡም፤ ልኩ እንደ መጫወቻው ዓይነት ይለያያል፤ ፓርኮቹም አስቀድመው ያሳውቃሉ። ቤተሰብ ይዤ በሄድሁበት አንድ ፓርክ የሰባት ዓመት ልጅ መለኪያው ሥር ቆመች። አባቷ መንገዱን ሙሉ ስለዚያ መጫወቻ ሲነግራት ነበር። የመጫወቻው ሠራተኛ የመለኪያውን እንጨት ዝቅ አደረገችው፤ ከልጅቷ ራስና ከእንጨቱ መካከል አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ታየ። ልጅቷ ቀስ ብላ በጣቶቿ ቆመች። ሠራተኛዋ በትሕትና ተረከዟን ዳሰሰችና ራሷን ነቀነቀች። አባትየው በአማርኛ ይለምናል፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ ልጅቷ የጫማዋን ክር ታያለች። ደንቡ ትክክል ነው። የመቀመጫው መያዣ ለትንሽ አካል አልተሠራም፤ መለመንም አይገባንም ነበር።

ልጅን ምስጢሩ ሳይወጣ እንዴት መለካት ይቻላል? መንገዱ እዚሁ ገበያችን ውስጥ አለ። ለገና ልብስ የሚሰፋ ልጅ ልብስ ሰፊው ፊት መቆሙ አይቀርም። ትከሻ፣ ክንድ፣ ወገብ ሲለካ ሰፊውን «ከራሱ እስከ ተረከዙ ደግሞ ለካልኝ» ማለት ነው። ልጁ ስለ ቀሚሱ ወይም ስለ ሱሪው ያስባል፤ እናቱ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ጫማ አስወልቃ መሆን አለበት። አንዲት ደንበኛዬ ይህን በጥቅምት አድርጋ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግማ አስለክታ፣ ታናሹ ልጇ ለየትኛው እንደሚደርስ፣ ለየትኛው እንደማይደርስ ለይታ መጣች። የቀኑን አሰላለፍ የሠራነው በዚያ ወረቀት ነው። ልጁ ያልገባበትን መጫወቻ አላየውም፤ በሌላ በኩል ወስደነዋል።

መቼ ይነገራቸው ለሚለው፣ የሬዲዮው ሰው ሌሊት ቀስቅሱ ብሏል። በእንቅልፍ ልቡ የተነሣ የአምስት ዓመት ልጅ ስለ ፓርክ አይሰማም፤ ጨለማውን፣ ሻንጣውን፣ የሚጣደፉ ወላጆቹን ያያል፤ ቤቱ ምን ሆነ ብሎ ይፈራል። ድንገትና ድንጋጤ በድምፅ እንደሚቀራረቡት ሁሉ በልጅ ልብም ይቀራረባሉ። ለትንንሾች ከሁለት ቀን በፊት፣ ከራት በኋላ፣ ሁሉም በተቀመጡበት ይነገራቸው። መጮህም መዝለልም ይችሉበታል፤ ጓደኛቸው ጋ ሄደው ለመናገርም አንድ ቀን አላቸው፤ ይህም የደስታው ክፍል ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ እስከ ጉዞው ጠዋት ቢቆይ ይችለዋል። ክፍል የሚቀር ከሆነ መምህሩ ቀድሞ ይወቅ።

ከዘጌዋ እናት በኋላ የደንበኞቼን መመዝገቢያ ቅጽ ለውጬዋለሁ። ድሮ የሚጀምረው ስንት ሰው፣ ወዴት፣ መቼ በሚል ነበር። አሁን ከስም ቀጥሎ ያለው ጥያቄ «ገና ዕለት ቤታችሁ የሚመጣ ማን ነው?» የሚል ነው። አባቶቹ ብዕሩን ይዘው ትንሽ ይቆያሉ፤ ከዚያ አንዳንዶቹ ይቅርታ ጠይቀው ወጥተው ስልክ ይደውላሉ።