ጋዝ የቋጠረ ብረት ምንድን ነው?

«ሃይድሮጂን ብረትን ያደርቀዋል (ተሰባሪ ያደርገዋል)፤ የደረቀው ብረት ያብጣል፤ ያበጠውም ይሰበራል» የሚለውን ማብራሪያ በተለያየ አገላለጽ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ በእርግጠኝነት ሲያስረዳ ካየሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ማበጥም ሆነ መሰበር እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ከሃይድሮጂን ይመጣሉ። ነገር ግን አንዱ የሌላው ደረጃ አይደለም፤ በአመዛኙ የሚያጠቁትም የተለያየ ብረት ነው። ጉዳዩ የቃላት አጠቃቀም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር። «ካላበጠ አልተጎዳም» ብሎ የሚያምን መርማሪ ግን ያላበጠውን የታንከር ግድግዳ በእጁ ዳስሶ ደህና ነው ብሎ ይፈርማል፤ የሚያሳስበኝ ይህ ፊርማ ነው።

አስተያየት ሰጪው «ታንከሩ ሃይድሮጂን ስለማይዝ ይህ አይመለከተውም» የሚል ሐሳብም ጨምሯል። ብረቱን የሚጎዳው ሃይድሮጂን በታንከሩ ውስጥ በጋዝነት የተከማቸ መሆኑ ግድ አይደለም። እርጥበትና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ በተገናኙበት ቦታ ዝገቱ ራሱ በብረቱ ገጽ ላይ የሃይድሮጂን አቶሞችን ይፈጥራል። እነዚህ አቶሞች ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረው በአረፋ መልክ ቢወጡ ችግር ባልነበረ፤ ሰልፋይዱ ግን ጥምረቱን ስለሚያዘገየው ነጠላው አቶም ጊዜ አግኝቶ ወደ ብረቱ ይሰርጋል። እጅግ ትንሽ አቶም በመሆኑ በተራ የአየር ሙቀት እንኳ በብረት አቶሞች መካከል መንገድ አያጣም። ውስጥ ገብቶ ክፍተት ሲያጋጥመው ከመሰሉ ጋር ተጣምሮ ሞለኪውል ይሆናል፤ ሞለኪውሉ ደግሞ አቶሙ በገባበት መንገድ መውጣት አይችልም። ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ማንጋኒዝ ሰልፋይድ የተባለ ባዕድ ቅንጣት ባለበት ነው፤ አረብ ብረቱ በፋብሪካ እየተዳመጠ ሲሳሳ ቅንጣቱም አብሮ ተዳምጦ እንደ ወረቀት ይዘረጋል። ከውጭ አቶም መግባቱን እስካላቆመ ድረስ በዚያ ስስ ክፍተት ያለው ግፊት ይጨምራል፤ በመጨረሻም ብረቱን ለሁለት ንብርብር ከፍሎ ወደ ላይ ይነፋዋል። ጋዝ የቋጠረ ብረት የምንለው ይህን ነው።

እዚህ ላይ እግርን ማሰብ ይጠቅማል። ጫማ ለምዶ የለሰለሰ እግር አዲስና ጠባብ ጫማ ሲያደርግ ውሃ ይቋጥራል። ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ የሄደ ገበሬ ተረከዝ ግን ውሃ አይቋጥርም፤ ይሰነጠቃል። ውሃ ለመቋጠር ቆዳው መለጠጥ አለበት፤ የደነደነ ቆዳ ደግሞ መለጠጥ አይሆንለትም። ብረትም እንዲሁ ነው፤ ጋዝ የሚቋጥረው ለስላሳው አረብ ብረት ነው፤ እብጠቱ ብረቱ ሳይሰበር መለጠጥ እንደቻለ የሚመሰክር ነው እንጂ የመድረቁ ምልክት አይደለም። የደነደነው ብረት በበኩሉ ከዚያ እጅግ ባነሰ የሃይድሮጂን መጠን፣ ምንም ሳያብጥ ይሰነጠቃል። ምሳሌውን ትንሽ ልግፋበት፤ ውሃ የቋጠረውን እግር በመርፌ የወጋ ሰው ሕመሙን ያስታግሳል፣ ጫማው ግን አሁንም እግሩ ላይ ነው። ያበጠ ብረትን መብሳትም በሥራችን የታወቀ ነገር ነው፤ ግፊቱን ያስተነፍሳል፣ አቶሙን የሚያመርተውን ዝገት ግን አያቆምም። ምሳሌው የማያስኬድበትም ቦታ አለ፤ ቆዳ ከሥሩ አዲስ ያበቅላል፣ የተላቀቀ የብረት ንብርብር ግን ተመልሶ አይገጥምም።

ሁለቱን ጉዳቶች መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በሮሚዮቪል ነዳጅ ማጣሪያ የደረሰው አደጋ በግልጽ ያሳያል። በማጣሪያው ከፕሮፔንና ከቡቴን ውስጥ ሃይድሮጂን ሰልፋይድን አጥቦ የሚያስወግድ፣ የግድግዳው ውፍረት 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ረጅም ማማ ነበር። ሥራ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የታችኛው ክፍሉ ጋዝ መቋጠር ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጎዳው ቀለበት (የማማው ክብ የግድግዳ ክፍል) በሙሉ ተቆርጦ ወጣና በምትኩ አዲስ ቀለበት እዚያው እንደቆመ ተበየደለት። በዓይን የሚታየው ጉዳት ተወገደ። ከብየዳው በኋላ ግን ብረቱን የሚያለሰልሰው የሙቀት ሕክምና አልተሰጠውም ነበርና ከብየዳው ጠርዝ ጋር የሚዋሰነው ጠባብ ክፍል ደንድኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1984 አንድ ሠራተኛ በብየዳው አጠገብ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሚረዝም ስንጥቅ ጋዝ ሲወጣ አየ፤ የመግቢያውን ቫልቭ ሊዘጋ ሲሞክር ስንጥቁ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር አደገ። ማማው ተበጥሶ የላይኛው ክፍሉ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተወረወረ። 17 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ለእርዳታ የደረሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ።

እብጠቱ ታይቶ ነበር፤ ተገቢ ትኩረትም አግኝቶ ነበር። ስንጥቁ የተወለደው ግን እብጠቱን ለማከም በተበየደው፣ ምንም ባላበጠው የደነደነ ክፍል ውስጥ ነው። ለትክክለኛነት ያህል፣ ስንጥቁ ከደነደነው ክፍል አልፎ ወደ ለስላሳው ግድግዳ ከገባ በኋላ ወደ ፊት የገፋው በውስጥ የተጠራቀመው የሃይድሮጂን ግፊት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ ግድግዳ ላይ ሊቀባበሉ ይችላሉ። ይህ ግን «አንድ ናቸው» ከማለት ጋር አይገናኝም። ለእንዲህ ያለ አገልግሎት የሚውል ተራ አረብ ብረት ድንዳኔው የብረትን ድንዳኔ በሚለካው የሮክዌል ሲ ሚዛን ከ22 እንዳይበልጥ የሚደረገውም ለስንጥቁ ሲባል ነው። የብረቱን ጥራት ማሻሻልና የሰልፋይድ ቅንጣቶችን መቀነስ ደግሞ በዋነኛነት ለእብጠቱ ነው። አንዱ መድኃኒት ለሌላው አይበቃም።

ስለ ምርመራም አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በድምፅ ሞገድ ውፍረት የሚለካው መሣሪያ ጋዝ በቋጠረ ቦታ ላይ ሲደረግ ሞገዱ ከተላቀቀው ንብርብር ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ በመሆኑም 25 ሚሊ ሜትሩ ግድግዳ 12 ወይም 13 ሆኖ ይነበባል። ልምድ የሌለው ሰው «ዝገት ግማሹን በልቶታል» ብሎ ይጽፋል። ብረቱ እዚያው አለ፤ ለሁለት ተከፍሏል እንጂ አልተበላም። ዝገት ከሆነ ንባቡ ከቦታ ቦታ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ንብርብር ከሆነ ግን መሣሪያውን አንድ ጣት ያህል ሲያንቀሳቅሱት ከ25 ወደ 12 በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ጥቂት ሲያልፉም ተመልሶ 25 ይላል።

የደነደነው ብረት ምንም ሳያብጥ እንደሚሰበር ለሚጠራጠር ሰው በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮንና ኦክላንድን የሚያገናኘው ድልድይ ብሎኖች ይበቁታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተተከሉት 96 የዚንክ ልባስ ያላቸው ከፍተኛ ጥንካሬ ያላቸው ዘንጎች ውሃ በተጠራቀመባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ሳይወጠሩ ዓመታት ቆዩ፤ በማርች 2013 ሲወጠሩ 32ቱ በቀናት ውስጥ ተራ በተራ ተሰበሩ። አንዳቸውም ጋዝ አልቋጠሩም። መዘግየቱ የዚህ ጉዳት ጠባይ ነው፤ በብየዳ ሥራም እርጥበት በያዘ ኤሌክትሮድ የተበየደ ጠንካራ ብረት በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሊሰነጠቅ ስለሚችል ብየዳው እንደቀዘቀዘ ወዲያውኑ መርምሮ ማለፍ በቂ አይደለም።

ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሃይድሮጂን ከብረቱ ካርቦን ጋር ተዋሕዶ ሚቴን የሚፈጥርበት ጉዳት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም፤ ከእብጠት ጋር እንዳይደባለቅ ብቻ አሳስባለሁ።

መብሳትን ስላነሳሁ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በእብጠቱ ውስጥ ያለው በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ሃይድሮጂን ነው፤ በእሳት መቁረጫ ወይም ብልጭታ በሚረጭ መፍጫ የሚነካው ሰው ፊት ላይ ሊነድ ይችላል። ሥራው ሥልጠና ባለው ሰው፣ በአካባቢው ምንም እሳት በሌለበት፣ በዝግታ በሚሽከረከርና ብልጭታ በማያወጣ መብሻ፣ ሠራተኛው ከቀዳዳው ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቆሞ መከናወን አለበት።