ፍቅር ያለበት የጎመን ወጥ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 15 ቁጥር 17 ላይ ጥል ባለበት ከሚበላ የሰባ ፍሪዳ ፍቅር ባለበት የሚበላ የጎመን ወጥ እንደሚሻል ይነግረናል። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ የድኻ ማጽናኛ ተደርጎ ይሰበካል። ጠቢቡ ግን ሁለት ማዕዶችን ጎን ለጎን አቅርቦ እውነተኛው ደስታ ያለው በየትኛው ዘንድ እንደ ሆነ ፈረደ፤ ስለ በላተኛው ሀብትና ድህነት ምንም አልተናገረም። እኛም ዛሬ የምንማረው የጓሮውን፣ የምድጃውንና የማዕዱን ደስታ ከእግዚአብሔር እጅ እንደ ተሰጠን አድርገን ስለ መቀበል ነው።

አዳም ገና ሳይበድል የተሰጠው ሥራ ገነትን ማበጀትና መጠበቅ ነበር (ዘፍ. 2፥15)። እሾሁና የፊት ላብ ከበደል በኋላ መጡ፤ ሥራው ግን ከበደል በፊት የነበረ ጸጋ ነው። በወሎ ደጋ ከቤት ጀርባ ያለችው ቁራሽ መሬት ከሩቁ እርሻ ይልቅ ጠቁራና ወፍራ የምትታየው የምድጃው አመድና የበረቱ ፍግ ዓመት እስከ ዓመት ስለሚደፋባት ነው። ጎመኑ፣ ድንቹና ነጭ ሽንኩርቱ፣ በጥግ በኩልም ጤና አዳሙ የሚበቅሉት ከዚያው ነው፤ ወደ ቃሉና ወደ ተሁለደሬ ወረዳዎች ሲወረድ ደግሞ ቡናው፣ ጌሾውና ሸንኮራው ይጨመራል። ጓሮዋን የምትኮተኩት እናት የድካሟን ፍሬ በዓይኗ ታያለች፤ ይሁን እንጂ የበልጉ ዝናም በየካቲት ይጥላል ብሎ መሬቱን ያለሰለሰ ገበሬ ሰማዩን ማዘዝ እንደማይችል ከማንም በላይ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያናችንም በቅዳሴዋ ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ የምትለምነው ስለዚህ ነው። የሚያሳድግ እግዚአብሔር መሆኑን (1ኛ ቆሮ. 3፥7) ከመጽሐፍ አንብቦ ለተቀበለውም፣ ከደረቀ የበልግ ማሳ ዳር ቆሞ ለተማረውም ቃሉ አንድ ነው።

ወሎ ስለ ማዕድ ደስታ ሲናገር ረኃብን ሳያውቅ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ያዩ ሽማግሌዎች ከመሶብ የወደቀችውን ቁራሽ ሲያነሡ ስስት የሚመስለው ካለ፣ ያንን ዘመን አልሰማም። ስለዚህ «ኑሮዬ ይበቃኛል» የሚለው የሐዋርያው ትምህርት (1ኛ ጢሞ. 6፥6) እያንዳንዱ ለራሱ የሚለው ቃል ነው፤ ጠግቦ ያደረ ሰው ለተራበ ባልንጀራው ሊሰብከው አይገባም። ቅዱስ ያዕቆብ ምግብ ያጣውን ወንድም «ጥገቡ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሰድደውን ሰው ገሥጿልና (ያዕ. 2፥15-16)።

ስለ ምድጃው ስንናገርም እንጠንቀቅ። ሽሮው እንዲጥም አተሩ ወይም ሽንብራው ተቆልቶ ይከካል፣ ከበርበሬው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር ተሰናድቶ ይደርቃል፣ ከዚያም ይፈጫል፤ እንጀራውም ሊጡ እርሾ ገብቶበት ቀናት ይጠብቃል። ከማገዶው ለቀማና ከውኃው መቅዳት ጋር ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ብቻ ሲወድቅ፣ የቤተሰቡ ደስታ ለእርሷ ሸክም ይሆናል። የማርታን ታሪክ (ሉቃ. 10፥38-42) የወጥ ቤትን ሥራ ለማናናቅ የምንጠቅሰው በስሕተት ይመስለኛል፤ ጌታ የነቀፈው መጨነቋንና በብዙ መታወኳን ነው። «ብቻዬን» ያለችው ማርታ ዛሬም በየቤታችን አለች። ደግሞም ከሙታን የተነሣው ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሌሊቱን በድካም ላሳለፉት ደቀ መዛሙርት ዓሣና እንጀራ በፍም ዘንድ አዘጋጅቶ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ብሏቸዋል (ዮሐ. 21፥9-12)። ጌታ ያላፈረበትን ሥራ ባልና ወንዶች ልጆች የሚያፍሩበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ጎመኑ ልመለስ። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ይኖራል፤ ሥጋ ግን እያንዳንዱ በየሃይማኖቱ ባርኮ ያረደውን ይበላል። በሠርግና በለቅሶ ቤት ባለቤቱ ለጎረቤቶቹ ለየብቻ እንዲታረድላቸው የሚያደርገው ለእምነታቸው ካለው አክብሮት ነው። ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ዳቦው፣ ንፍሮውና ቡናው ግን አይለይም፤ ከአንዱ ጓሮ ተቆርጦ ለሁሉም ይቀርባል። ፍሪዳ ሲታረድ ሁለት የሚሆነው ገበታ በጎመን ወጥ አንድ ይሆናል፤ የጠቢቡን ፍርድ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ትርጓሜ እኔ አላገኘሁም። አቦሉ፣ ቶናውና በረካው እስኪያልቅ የሚጠባበቁት ጎረቤቶች የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ይመራረቃሉ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በዘመነ ጽጌ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስባለን፤ የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው የሚጾሙም አሉ። ወራቱ የባቄላና የአተር እሸት የሚቀመስበት ነውና ከእሸቱ ጥቂቱ ወደ ደጀ ሰላም፣ ጥቂቱ ሰው ወደሌላቸው አረጋውያን ቤት ይሂድ። ለጋሹም ራሱ ይዞት ይሂድና ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ ይቅመስ፤ ስደተኛዋ እናት በየደረሰችበት የተቸገረችው በእህል ብቻ ሳይሆን የሚያስጠጋት ደጅ በማጣትም ነበርና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።