ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት የማቆያ ውሎ

የሕፃናት ማቆያ ወላጆች በሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች የሚውሉበት፣ የሚመገቡበት፣ የሚጫወቱበትና የሚተኙበት ተቋም ነው። በአዲስ አበባ ማቆያዎች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅጥር ግቢ፣ በአንዳንድ ድርጅቶች ሕንፃ ውስጥ፣ እንዲሁም ግለሰቦች በተከራዩአቸው የመኖሪያ ቤቶች ይገኛሉ። አብዛኞቹ ልጆቹን በዕድሜ ለይተው ይይዛሉ፤ ገና የሚታቀፉትና የሚድሁት በአንድ ክፍል፣ ከ1 ዓመት እስከ 3 ዓመት ያሉት ድክ ድክ ባዮች ደግሞ በሌላ። ከዚያ በኋላ ልጁ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ይሸጋገራል። እዚህ የሚዳሰሰው የድክ ድክ ባዮቹ ውሎ ነው።

ውሎው የሚቀረጸው በወላጅ የሥራ ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች፤ ስለዚህ ሌላ ፈቃድ ካልጨመረች በስተቀር ልጇ 6 ወር ሳይሞላው ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያዘጋጁ የደነገገውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። በመሥሪያ ቤት ማቆያ ያደገ ልጅ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ቤቱንና ሞግዚቶቹን ስለሚያውቅ ብዙ አይቸገርም። በዓመት ተኩሉ ከአያቱ እጅ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው ልጅ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በለቅሶ ሊያሳልፍ ይችላል። ሲመዘገብ የክትባት ካርዱ ይታያል፤ በተለይም በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጡት ሁለቱ የኩፍኝ ክትባቶች መሟላታቸው ይጣራል።

የመሥሪያ ቤቶች መግቢያ ሰዓት በመደበኛው ጠዋት 2:30 በመሆኑ የማቆያ በር ቀደም ብሎ ይከፈታል። ከቀኑ ሁሉ ከባዱ ሰዓት ይህ የርክክብ ሰዓት ነው። እናት በአንድ እጇ ልጁን፣ በሌላው የዳይፐር፣ የቅያሪ ልብስና የምሳ ዕቃ ቦርሳ ይዛ፣ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል ትገባለች፤ ሞግዚቷ «ና የኔ ጌታ» ብላ እጇን ስትዘረጋ ልጁ የእናቱን አንገት ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ከእናት የመለየት ፍርሃት በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያና በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ እጅግ ይበረታል። ብዙ ወላጆች ልጁ በአሻንጉሊት ሲዘናጋ ተሰውረው መሄድን እንደ ብልሃት ይቆጥሩታል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ ልጁ እናቱ በማንኛውም ቅጽበት ልትጠፋ እንደምትችል ስለሚረዳ በማግስቱ ከበሩ ጀምሮ ይጣበቅባታል። ልምድ ያላቸው ሞግዚቶች አጭርና ግልጽ ስንብት ያስለምዳሉ፤ እናት ትስማለች፣ «ከመክሰስ በኋላ እመጣለሁ» ትላለች፣ ትሄዳለች። «በ11 ሰዓት እመጣለሁ» ማለት ለሁለት ዓመት ልጅ ምንም ትርጉም የለውም፤ መክሰስን ግን ያውቃል። የመርሐ ግብሩ ዋና ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ ምግብ ከጨዋታ፣ እንቅልፍ ከምግብ በኋላ በየቀኑ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ሲመጡ፣ ሰዓት የማያውቀው ልጅ የእናቱን መመለሻ በእነርሱ ይቆጥራል። ስለዚህ ምሳ ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ እንቅልፍ ከምሳ ቢቀድም ግን ክፍሉ በሙሉ ይነጫነጫል።

ከቁርስ በኋላ ፀሐይ ሞቅ ስትል ልጆቹ ወደ ግቢ ይወጣሉ። ኳስ ማንከባለል፣ ውኃ ከጆግ ወደ ኩባያ መገልበጥ፣ ዘፈንና ጭብጨባ የረፋዱ ጨዋታዎች ናቸው። በዚህ ዕድሜ ልጆች አብረው ከመጫወት ይልቅ ጎን ለጎን መጫወት ይቀናቸዋል፤ ሦስት ልጆች ባሉበት ክፍል አንድ መኪና ከማስቀመጥ ሦስት ተመሳሳይ መኪና ማስቀመጥ ብዙ ጠብ ያስቀራል። መናከስም የዚህ ዕድሜ ጠባይ ነው፤ ቃል ያጠረው ልጅ ጥርሱን ይጠቀማል። ቴሌቪዥን ከፍቶ ማስቀመጥ ለሞግዚት እረፍት ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመክርም፤ ለ2 ዓመት ልጅ ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል።

ዳይፐር መቀየርና ፖፖ ላይ መቀመጥ በየመሐሉ ይደጋገማሉ። በ1946 እ.ኤ.አ. በቡዳፔስት የሕፃናት ማሳደጊያ የመሠረተችው ሐኪም ኤሚ ፒክለር፣ ልብስ መቀየርና ማጠብ በጥድፊያ የሚጠናቀቁ ሥራዎች ሳይሆኑ ልጁና ተንከባካቢዋ ብቻ ለብቻ የሚገናኙባቸው ጊዜያት መሆናቸውን ታስተምር ነበር። ሕፃናት በበዙበት ክፍል ይህን መፈጸም ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም «አሁን እግርህን ላንሳ» ብሎ መናገር ጊዜ አይወስድም።

ምሳ ከ5:30 እስከ 6:30 ባለው ጊዜ ይቀርባል፤ አስቀድሞ ሁሉም በተራ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። አንዳንድ ማቆያ ራሱ ያበስላል፤ ሌላው ከቤት የመጣውን፣ የልጁ ስም የተጻፈበትን ምሳ ዕቃ አሙቆ ያቀርባል። በአልጫ የተፈተፈተ እንጀራ፣ የተፈጨ ምስር፣ ድንችና ካሮት፣ እንቁላል፣ መኮሮኒ፣ የምጥን ገንፎ፣ ሙዝና አቮካዶ የተለመዱ ናቸው። በጾም ወራት የመሥሪያ ቤቱ ክበብ የጾም ምግብ ብቻ በሚያበስልበት ቦታ ለሕፃናቱ እንቁላልና ወተት ለብቻ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ በኦርቶዶክሳውያን ልማድ ጾም የሚጀመረው በ7 ዓመት በመሆኑ ይህ ከወላጆች ጋር እምብዛም አያጋጭም። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንድሻ ግን ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀሩ ስለሚችሉ፣ በዓል ቢሆን እንኳ ወደ ክፍሉ መግባት የለባቸውም።

ልጁ ማንኪያውን ራሱ ልያዝ ሲል ምግቡ ፊቱንና ወለሉን ያዳርሳል። ጥሩ ሞግዚት ለእርሱ አንድ ማንኪያ አስጨብጣ በሌላው ታጎርሰዋለች። ማጉረስ በባህላችን የፍቅር ምልክት በመሆኑ ይመስላል፣ አፉን ዘግቶ ፊቱን ያዞረን ልጅ አባብሎና አስገድዶ «አንድ ብቻ» እያሉ ማጉረስ በብዙ ማቆያዎች አሁንም ይታያል፤ ወላጅም ማታ ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ ካላየው ቅር ስለሚለው ሞግዚቷን ለብቻዋ መውቀስ አይቻልም። ለማንኛውም ጠግቤአለሁ የማለት መብት በዚህ ዕድሜም አለ።

ከምሳ በኋላ መጋረጃው ይወርዳል፣ ፍራሾቹ በመካከላቸው መተላለፊያ ተትቶ ይዘረጋሉ። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል፤ ከዓመት ተኩል ገደማ ጀምሮ አብዛኞቹ የቀን እንቅልፋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። አንዱ ጀርባውን መታ መታ ሲያደርጉት ያሸልባል፤ ሌላዋ እሹሩሩ ካልተባለች ዓይኗን አትከድንም። እናቱ የተወችለትን ነጠላ አፍንጫው ላይ አድርጎ የሚተኛም አለ፤ እንቅልፍ ሲወስደው ነጠላው ከፊቱ ገለል ይደረጋል። ማቆያውን ለመመዘን የፈለገ ወላጅ ግድግዳው ላይ የተሳሉትን እንስሳት ትቶ ይህን ሰዓት ቢጠይቅ ይሻላል፤ ሞግዚቶቹ ተራ በተራ ምሳ ሲበሉ ክፍሉ ውስጥ የምትቀረው ማን ናት?

ከ8:30 አንሥቶ ልጆቹ በየተራ ይነቃሉ። ፊታቸው ይታጠባል፣ መክሰስ ይቀርባል፣ እንደገና ወደ ጨዋታ ይመለሳሉ። ከ11 ሰዓት በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላሉ። በዚህ ሰዓት የሕፃኑን ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ሰገራና ሙቀት የያዘው የዕለት መከታተያ ደብተር ለወላጅ ይነበባል፤ ተነክሶ ወይም ወድቆ ከሆነ ወላጅ ምልክቱን ቤት ደርሶ ሳያየው በፊት እዚያው ይነገረዋል። «በላ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም፤ የሌሊቱን ዕንቅልፍ የሚወስነው ግን ስንት ሰዓት ተኝቶ ስንት ሰዓት እንደተነሣ ነው። ወላጅ በትራንስፖርት ሰልፍ ከዘገየ አንዲት ሞግዚት ከልጁ ጋር ትቆያለች። ልጁን የሚወስደው በምዝገባ ወቅት ስሙና ፎቶግራፉ የተያዘ ሰው ብቻ ነው፤ ጎረቤት ወይም ሾፌር ቢመጣ፣ ልጁ «አጎቴ» ብሎ ቢሮጥለት እንኳ፣ አስቀድሞ ለወላጅ ስልክ ይደወላል።