የሲሪያል ፖርት ፊፎ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ የሲሪያል ፖርት (መረጃን በሽቦ ቢት በቢት የሚያስተላልፈው መሰኪያ) ውፅዓት ሲንቀራፈፍ፣ ብዙዎች መጀመሪያ የሚነኩት ቦድ ሬቱን፣ ማለትም መስመሩ በሰከንድ ስንት ቢት እንደሚያሳልፍ ነው። 9600 የነበረውን 115200 ያደርጉና ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ይሻላል፤ አንዳንዴ ግን ማሽኑ ጭራሽ ይብስበታል። ለምን ቢሉ፣ ጣጣው ያለው ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ከሥራው እንደሚቋረጥ ላይ ነው። ይህን በዋናነት የሚወስነው ደግሞ ፊፎ ነው።

ፊፎ ፖርቱን በሚያንቀሳቅሰው ቺፕ፣ ማለትም በዩአርቱ ውስጥ ያለ ትንሽ ቋት ነው። መጀመሪያ የገባው ባይት መጀመሪያ ይወጣል፤ በቃ።

ጥቅሙ የሚገባን እሱ የሌለበትን ስናይ ነው። በድሮዎቹ 8250 እና 16450 ቺፖች ላይ ፕሮሰሰሩ አንድ ፊደል ይሰጣል፣ ቺፑ ተቀብሎ ቢት በቢት ይልካል፣ ቦታ ሲኖረው ደግሞ ሌላ እንዲመጣለት ኢንተራፕት፣ ማለትም «ሥራህን አቋርጠህ ና» የሚል ጥሪ ያነሳል። ፕሮሰሰሩም የያዘውን ሥራ አቋርጦ ይመጣል፣ አንዲት ፊደል ሰጥቶ ይመለሳል፣ ገና ሥራውን ሳይጀምር እንደገና ይጠራል።

እስኪ እናስላው። አንድ ፊደል ከመነሻና ከማቆሚያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሚሆን፣ በ9600 በሰከንድ 960 ፊደል ይወጣል። በፖርቱ የተገናኘ አንድ ተርሚናል (ስክሪንና ኪቦርድ) ብቻ ከሆነ ምንም አይደል። 32 ሰው በአንድ ጊዜ ረጅም ፋይል ስክሪኑ ላይ ቢያወጣ ግን በሰከንድ 30,720 ኢንተራፕት ነው። 16550ኤ ቺፕ 16 ባይት የሚይዝ ፊፎ አለው፤ ድራይቨሩ (ቺፑን የሚያዘው ሶፍትዌር) በተጠራ ቁጥር 16 ፊደል ካስረከበ ያው ሥራ በ1,920 ኢንተራፕት ያልቃል። መስመሩ ላይ የተቀየረ ፍጥነት የለም፣ ፕሮሰሰሩ ግን ለሌሎቹ ሥራዎች ጊዜ አገኘ። ለእኔ ከየትኛውም ቅንብር በፊት መታየት ያለበት ይሄ ነው።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ሴትሲሪያል የሚባለው ትዕዛዝ የቺፑን ዓይነት ያሳያችኋል። ቺፑ 16550ኤ ሆኖ ሳለ 16450 ተብሎ ከተመዘገበ ፊፎው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ በዚያው ትዕዛዝ ይስተካከላል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኤ» ደግሞ አትናቋት፤ የመጀመሪያው 16550 ፊፎው ጉድለት ስለነበረበት ሊኑክስ አይጠቀምበትም።

ታዲያ ፊፎ ሲበዛ ሁልጊዜ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ፕሪንተር ቋቱ ሲሞላበት ኤክስኦፍ የሚባል የ«አቁም» ምልክት ይልካል፤ ተርሚናል ላይ ኮንትሮልና ኤስ ስንጫን የሚሄደውም ያው ነው። ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ምልክቱ እንደደረሰው መስጠት ያቆማል፤ ፊፎው ውስጥ ቀድመው የገቡት ፊደሎች ግን፣ 16ም ይሁኑ ከዚያ በታች፣ መውጣታቸውን ይቀጥላሉ። ልክ ጢም ሲል ብቻ «አቁም» የሚል አሮጌ ፕሪንተር ከሆነ እነዚያ ፊደሎች ይጠፋሉ፣ ሰውም ገጹ መሃል ላይ ጥቂት ፊደል ጎድሎ ሲያይ ገመዱን ይጠረጥራል። ከተቻለ ፕሪንተሩ ቀደም ብሎ እንዲያስቆም አስተካክሉት፤ ካልተቻለ ድራይቨሩ በአንድ ጊዜ የሚያስገባውን መጠን ቀንሱ። «ላክ» ወይም «ቆይ» በሚያመለክቱት በአርቲኤስና ሲቲኤስ ሽቦዎች መቆጣጠርም ድራይቨሩ በሶፍትዌር የሚከታተለው ከሆነ ከዚህ ችግር አያመልጥም። እንደ 16750 ያሉት ቺፖች ግን 64 ባይት ፊፎ ይዘውም ሲቲኤስን ራሳቸው መከታተል ስለሚችሉ፣ ይህ ከበራላቸው የጀመሩትን ፊደል ጨርሰው ይቆማሉ።

ከፊፎው በላይ ደግሞ የከርነሉ የራሱ ቋት አለ። ይህ ቋት ላይኛና ታችኛ ወለል የሚባሉ ሁለት የመጠን ምልክቶች አሉት፦ ፕሮግራሙ ከላይኛው ወለል በላይ ሲጽፍ እንዲተኛ ይደረጋል፣ በቋቱ የቀረው ወደ ታችኛው ወለል ሲወርድ ይቀሰቀሳል። ሰው በበዛበት ማሽን ላይ የተቀሰቀሰው ፕሮግራም ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ታችኛው ወለል ላይ የቀረው 10 ፊደል ብቻ ከሆነ በ9600 ከ10 ሚሊሰከንድ ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ ውፅዓቱም ይንጠባጠባል። 100 ፊደል ቢቀረው ግን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ፋታ አለው፤ ይህን መቀየር በሚፈቅድ ሲስተም ላይ ታችኛውን ወለል ትንሽ ከፍ ማድረግ ለእንዲህ ያለው መንጠባጠብ ይበጃል።