የራማያና መንገድ ምንድን ነው?

በኖቬምበር 2018 ከዴልሂ አንድ ባቡር 800 ያህል መንገደኛ ጭኖ ለ16 ቀን ጉዞ ተነሳ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የሚቆምባቸው ከተሞች አንዱ በሰሜን ሜዳ፣ አንዱ በደቡብ ባሕር ዳር ነው፤ በቋንቋም በምግብም አይገናኙም። የሚያገናኛቸው አንድ ልዑል ነው። ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ግጥም ይህ ልዑል በእነዚህ ቦታዎች በእግሩ እንዳለፈ ይናገራል። ባቡሩም ስሙን ያገኘው ከዚያው ግጥም ነው፤ ሽሪ ራማያና ኤክስፕረስ።

እንዲህ ያለውን ጉዞ ህንዶች የራማያና ያትራ ይሉታል። ያትራ ጉዞ ማለት ሲሆን፣ በተለይ ለመሳለም የሚወጡትን ጉዞ ይመለከታል። የግጥሙ ስም ራሱም «የራማ ጉዞ» ተብሎ ይፈታል። ስለዚህ የራማያና መንገድ ማለት ራማ ሄደበት የተባለውን መንገድ ከአዮድያ እስከ ላንካ ቦታ በቦታ እየተከተሉ መሄድ ነው። ትርጉሙ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው «መንገዱ የትኛው ነው?» ሲባል ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። የአዮድያ ንጉሥ ዳሻራታ ዙፋኑን ለበኩር ልጁ ለራማ ሊያወርስ ሽር ጉድ በሚባልበት ዋዜማ፣ ከሚስቶቹ አንዷ ካይኬዪ ድሮ የገባላትን ቃል ታነሳበታለች፦ የኔ ልጅ ባራታ ይንገሥ፣ ራማ 14 ዓመት በዱር ይኑር። ንጉሥ ቃሉን አያጥፍምና ራማ ከሚስቱ ከሲታና ከወንድሙ ከላክሽማና ጋር የዛፍ ልጣጭ ለብሶ ከቤተ መንግሥት ይወጣል። በዱር ዓመታት ካለፉ በኋላ ባለ 10 ራሱ የላንካ ንጉሥ ራቫና ሲታን ጠልፎ ይወስዳታል። ራማ የጦጣዎች ሠራዊት አስከትሎ በባሕር ላይ ድልድይ ያሠራል፣ ራቫናን ይገድላል፣ ሚስቱን ይዞ ይመለሳል። ብዙዎች በዲዋሊ በዓል መብራት የሚያበሩት ይህን መመለስ እያሰቡ ነው። የህንድ ፊልም ሲያይ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ታሪኩን ሳያውቀው ያውቀዋል፤ የተጠለፈችው ሚስት፣ ለቃሉ የሚሞተው አባት፣ እንደ ጥላ የማይለየው ታናሽ ወንድም፣ ሁሉም እዚያ አሉ።

ግጥሙን በሳንስክሪት የደረሰው ቫልሚኪ የተባለ ጠቢብ ነው ይባላል። 7 ክፍልና 24,000 ገደማ አንቀጽ አለው። ካርታ ግን የለውም። በሰሜኑ ክፍል ገጣሚው አገሩን የሚያውቅ ሰው ይመስላል፤ የአዮድያው ወንዝ ሳራዩ፣ ጋንጅስን የተሻገሩበት ቦታ፣ ጋንጅስና ያሙና የሚገናኙበት ፕራያግ፣ ከዚያ ቺትራኩት፣ ዛሬም ቢሆን በዚያው ቅደም ተከተል ይገኛሉ። ከዳንዳካ ጫካ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ነገሩ ይደበዝዛል፤ ርቀቱ ያድጋል፣ አቅጣጫው ይጠፋል። ድልድዩን ተመልከቱ። ጦጣዎቹ በ5 ቀን ሠሩት ይላል፤ በመጀመሪያው ቀን 14 ዮጃና፣ ከዚያ 20፣ 21፣ 22፣ 23፣ በድምሩ 100 ዮጃና። በተለመደው ግምት 1 ዮጃና 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሒሳብ ድልድዩ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ዛሬ ቦታው ይህ ነው የሚባለው ጥልቀት የሌለው የባሕር መስመር ግን 48 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የግጥሙ ላንካ የዛሬዋ ስሪ ላንካ ሳትሆን በመካከለኛው ህንድ የነበረች ቦታ ናት ብለው የተከራከሩ ምሁራን አሉ። ተሳላሚው ክርክሩን ቢሰማም ቲኬቱን አይመልስም።

መጽሐፉ ዝም ያለበትን የሞላው ታዲያ ማነው? ተጓዡና የየአካባቢው ሰው ናቸው። እዚህ ላይ ቲርታ የሚለውን ቃል ማወቅ ይበጃል። ቲርታ ለሂንዱዎች ቅዱስ ቦታ ነው፤ የቃሉ መነሻ ግን ወንዝ የሚሻገሩበት ቦታ፣ እኛ መልካ የምንለው ነው፤ መልካ ቁንጥሬ፣ መልካ ወረር እንደምንለው። ከዚህ ዓለም ወደዚያኛው የሚያሻግር ጥልቀት የሌለው ቦታ እንደማለት ነው። መልካ ደግሞ አንድ ብቻ መሆን የለበትም፤ ወንዙ ረጅም ነው፣ እያንዳንዱ መንደር የራሱ መሻገሪያ አለው። አንዱ ክስተት በሁለት፣ በሦስት ቦታ ተፈጸመ ሲባል ህንዳዊው ተሳላሚ እንደኛ የማይደነግጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ምሳሌ ላምጣ። ሲታ ስትጠለፍ ጃታዩ የተባለ ያረጀ ንስር ራቫናን ታግሎ ክንፉ ተቆርጦ ይወድቃል። የት ወደቀ? በአንድራ ፕራዴሽ ያለችው ሌፓክሺ «እኔ ጋ ነው» ትላለች፤ ስሟንም «ተነሥ ወፌ» ብሎ ራማ በቴሉጉ ቋንቋ ከተናገረው የመጣ ነው ብላ ትተረጉማለች። ከዚያ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ በኬራላ ያለችው ቻዳያማንጋላም ደግሞ «የለም፣ እኔ ጋ ነው» ብላ በ2018 በተራራ አናት ላይ 60 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው በጀርባው የወደቀ የንስር ሐውልት ለጎብኚ ከፍታለች። ናሺክ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ላክሽማና ሲታን ትቶ ሲሄድ እንዳትሻገረው ያሰመረላት መስመር ይኸውላችሁ ይሏችኋል። ቫልሚኪ ዘንድ ግን መስመር የሚባል ነገር የለም፤ ኋላ በሌሎች ተራኪዎች የተጨመረ ነው። ይህ ከሆነ መሬት ላይ የተጻፈው ራማያና ከብራናው ሰፊ ነው ማለት ይቻላል።

የህንድ ቱሪዝም ሚኒስቴር በ9 ግዛቶች 15 መዳረሻዎችን መርጦ የራማያና ሰርኪት ብሎ ሰይሟቸዋል። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ከሁሉም ልቤን የሚወስደው ቺትራኩት ነው። ባራታ እናቱ ያደረገችውን ሲሰማ አፍሮና ተቆጥቶ፣ ወንድሙን «ተመለስና ንገሥ» ብሎ ሊለምን የመጣው እዚህ ነው። ራማ እምቢ አለ፤ ቃል ቃል ነው። ባራታ የራማን ነጠላ ጫማ ተሸክሞ ተመለሰ፤ ዙፋኑ ላይ ያስቀመጠው ጫማውን ነው፤ 14 ዓመት ሙሉ ከከተማ ውጭ እንደ መናኝ እየኖረ በጫማው ስም አስተዳደረ። በካማድጊሪ ኮረብታ ዙሪያ በሚሄደው የ5 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ወንድማማቾቹ ተገናኙበት የሚባለው ቦታ አለ፤ በድንጋዩ ላይ የእግር ዱካ ይታያል። ሲገናኙ ከስሜቱ የተነሣ ድንጋዩ ቀለጠ ይላሉ። ተሳላሚው ኮረብታውን ይዞረዋል እንጂ አይወጣበትም። መሬት ላይ ሙሉ ቁመቱን ተዘርግቶ፣ እጁ በደረሰበት ተነሥቶ፣ እንደገና እየተዘረጋ በሰውነቱ ለክቶ የሚዞርም አለ።

ናሺክ ስሟን ያገኘችው ከአፍንጫ ነው፤ ለራማ ፍቅር ይዟት የመጣችውን የራቫናን እኅት አፍንጫ ላክሽማና የቆረጠው እዚህ ነው ስለሚባል። እዚያው ፓንቻቫቲ በሚባለው ሰፈር ጎንበስ ካላሉ የማይገቡበት የሲታ ዋሻና የካላራም ቤተ መቅደስ አሉ። በ1930 የመብት ታጋዩ አምበድካር የሚመሩት፣ «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩ ሰዎች በዚህ ቤተ መቅደስ በር ቆመው እንግባ ብለው ጠየቁ፤ ትግሉ ዓመታት ቢፈጅም አልተከፈተላቸውም። የራማ መንገድ ለሁሉም እኩል ክፍት እንዳልነበረ ይህች በር ምስክር ናት።

ከዚያ ወደ ደቡብ ሃምፒ ትመጣለች፤ ትላልቅ የድንጋይ ክምሮችና ጦጣዎች የሞሉባት፣ የጦጣዎቹ መንግሥት ኪሽኪንዳ ናት የምትባል። የጦጣዎቹ ጀግና ሃኑማን የተወለደው 575 ደረጃ ተወጥቶ በሚደረስበት ኮረብታ ነው ይላሉ። የቲሩማላ ቤተ መቅደስ አስተዳዳሪዎች ግን በ2021 «የተወለደው በእኛ ተራራ ነው» ብለው አስታውቀዋል።

ራሜሽዋራም በህንድ ጫፍ ያለች ደሴት ናት። ራማ ከድል በኋላ እዚህ ለአምላኩ ለሺቫ ሰገደ ይባላል፤ ራቫና ክፉ ቢሆንም በትውልዱ ብራህማን፣ ማለትም ከካህናት ወገን ነበርና የገደለው ሰው መንጻት አለበት። ጠላትን ገድሎ «ይቅር በለኝ» የሚል ጀግና ያለው ታሪክ መሆኑን ልብ በሉ። ተሳላሚው መጀመሪያ በባሕሩ ይጠመቃል፤ ከዚያ እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ካሉት 22 ምንጮችና ጉድጓዶች ተራ በተራ በባልዲ ይፈስበታል። ጸበል ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆየውን ሥርዓት የሚጠብቁት ደግሞ ከዚህ ባሕር አሸዋ ወስደው በሰሜን ጋንጅስ ውስጥ ይጨምራሉ፣ ከጋንጅስም ውሃ አምጥተው እዚህ ያፈስሳሉ።

ከራሜሽዋራም አለፍ ብሎ ዳኑሽኮዲ አለች፤ በዲሴምበር 1964 አውሎ ነፋስ ከነባቡሯ ጠርጎ የወሰዳት ከተማ። ከዚያ በኋላ ባሕር ነው። ከማዕበሉ ሥር እስከ ስሪ ላንካ የሚዘልቀውን የአሸዋና የኖራ ድንጋይ መስመር ሂንዱዎች የራማ ድልድይ ይሉታል፤ በሌላው ስሙ የአዳም ድልድይ ነው። አዳም ከገነት ሲባረር ስሪ ላንካ ባለ ተራራ ላይ አረፈ የሚሉ ሙስሊሞች ናቸው ያንን ስም ያቆዩት። ተራራው ላይ ያለውን የእግር ቅርጽም እነሱ የአዳም፣ ቡድሂስቶች የቡድሃ፣ ሂንዱዎች የሺቫ ነው ይላሉ። የህንድ መንግሥት በ2005 ለመርከብ መተላለፊያ መስመሩን ሊቆፍር ሥራ ጀምሮ ነበር። አማኞች ተቃወሙ፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ2007 ድልድዩ የተባለው ክፍል እንዳይነካ ታገደ።

ስሪ ላንካ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ኑዋራ ኤሊያ በሚባለው ደጋ፣ በሻይ ተክል መካከል፣ ሲታ ታግታበት ነበር የሚባል ወንዝ ዳር ቤተ መቅደስ አለ፤ በ2024 ታድሶ ሲባረክ ከአዮድያ የሳራዩ ውሃ ተልኮለታል። ሃኑማን የመድኃኒት ዕፅ ያለበትን ተራራ ነቅሎ ሲያመጣ ቁራሽ ወደቀባቸው የሚባሉ ኮረብቶችም በየቦታው አሉ። የህንድ ጎብኚ በዚህ ሲመሰጥ ብዙ ሲንሃላዎች ግን ራቫናን የሚያዩት እንደ ጠላፊ ሳይሆን እንደ ጥንታዊ የአገራቸው ንጉሥ ነው። አገሪቱ በ2019 ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስሟ ራቫና 1 ነው። የቱሪዝም ሰዎች በደርዘን የሚቆጠሩ ቦታዎችን በራማያና ስም ያስተዋውቃሉ፤ የታሪክና የአርኪዮሎጂ ሰዎቻቸው ደግሞ ማስረጃው የታል ይላሉ።

መነሻዋን አዮድያን ወደ ኋላ ያቆየሁት ክብደቷን ስለማውቅ ነው። ራማ ተወለደበት በሚባለው ቦታ ላይ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆመውን የባብሪ መስጊድ በዲሴምበር 6 ቀን 1992 ብዙ ሕዝብ ወጥቶ አፈረሰው፤ በተከተለው ሁከት 2,000 ያህል ሰው አለቀ፣ የሚበዙት ሙስሊሞች ነበሩ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስጊዱ የፈረሰው ከሕግ ውጭ ነው ብሎ፣ ቦታውን ግን ለሂንዱ ቤተ መቅደስ ፈረደ፤ ለመስጊድ ሌላ ቦታ እንዲሰጥ አዘዘ። አዲሱ ቤተ መቅደስ በጃንዋሪ 22 ቀን 2024 ተመርቋል። አንድ ዱካ የት እንዳረፈ መወሰን እዚህ የደም ጉዳይ ሆኗል። ሌላ ቦታ ቀልድ ይመስላል፤ በ2020 የኔፓሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሊ «እውነተኛዋ አዮድያ ያለችው በእኛ አገር ነው» ብለው ህንዶችን አስቆጥተው ነበር።

ዱካውን ሳይፈልጉ ስሙን ወደ ቤታቸው የወሰዱም አሉ። ታይላንዶች በ14ኛው መቶ ዓመት ዋና ከተማቸውን አዮድያን አስበው አዩታያ አሏት፣ ነገሥታታቸውንም እስከ ዛሬ ራማ እያሉ ይቆጥራሉ። ላሊበላ ወንዙን ዮርዳኖስ ብሎ እንደሰየመው ማለት ነው፤ ዋናው ዮርዳኖስ ይህ ነው ብሎ ግን የተሟገተ የለም።

ወደ ባቡሩ ልመለስ። በ2021 ባለ አየር ማቀዝቀዣው ሲጀመር አስተናጋጆቹን የመናኝ ብርቱካናማ ልብስ አልብሰዋቸው ነበር። መነኮሳቱ ሰሙ፣ ባቡሩን እናስቆማለን አሉ፣ ልብሱ በቀናት ውስጥ ተቀየረ። በ2022 ደግሞ ሌላ ባቡር ድንበር ተሻግሮ ሲታ ተወለደችባት እስከምትባለው የኔፓል ከተማ ጃናክፑር ደረሰ።

ይህን መንገድ መለስ ብሎ በቅደም ተከተል የዘረዘረው የመጀመሪያው ሰው ግን እዚያው ግጥሙ ውስጥ አለ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ራማና ሲታ በሚበር ሠረገላ ወደ አዮድያ ይመለሳሉ። ራማ ወደ ታች እያመለከተ ያሳያታል፦ ያ የጦርነቱ ሜዳ ነው፣ ያ ድልድዩ፣ ያ ኪሽኪንዳ፣ ያ የጎዳቫሪ ወንዝ፣ ያ ቺትራኩት፣ ባራታ የለመነኝ እዚያ ነው። በመንገዱ ሲታ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች። ኪሽኪንዳ ላይ እንቁምና የጦጣዎቹን ሚስቶች እንጫን፣ አዮድያን አብረውኝ ይግቡ። ራማም ሠረገላውን ያቆማል።